የፒክአፕ አውቶማቲክ ካምቢዮ ማርሽ በትክክል አልቀይር ሲል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጥያቄዎቹ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ይሄዳሉ፤ ካምቢዮ ለማስወረድ ከመወሰንዎ በፊት የላይኞቹን ይጨርሱ።

ካምቢዮው "አስቸገረ" ከማለት ውጪ ችግሩን እንዴት ለይቼ ልናገር?

"ማርሽ አይቀይርም" በሚለው አንድ አባባል ውስጥ ቢያንስ አምስት የተለያዩ ችግሮች አሉ። መዘግየት ማለት ዲ (የወደፊት) ወይም አር (የኋላ ማርሽ) ካስገቡ በኋላ መኪናው ለመንቀሳቀስ ሲቆይ ነው። መንሸራተት ማለት የሞተሩ ዙር እየወጣ ፍጥነቱ አብሮ ሳይጨምር ሲቀር ነው። መምታት ማለት ማርሹ ሲቀየር መኪናውን ነቅነቅ ሲያደርገው ነው። መንቀጥቀጥ አለ፤ አንድ ማርሽ ላይ ተተክሎ መቅረትም አለ። ምንጫቸው ስለሚለያይ አንዱን ከሌላው ሳይለዩ የሚጀመር ጥገና ዕቃ በግምት ወደ መቀየር ያመራል።

ጋራዥ ከመግባትዎ በፊት አራት ነገር ጽፈው ይያዙ፦ ችግሩ መኪናው ሲቀዘቅዝ ነው ወይስ ሲሞቅ፤ ከስንተኛ ወደ ስንተኛ ማርሽ ሲሄድ ነው፤ ነዳጅ በስሱ ሲረገጥ ነው ወይስ ጠበቅ ሲደረግ፤ ባዶውን ሲሄድ ነው ወይስ ጭነት ሲይዝ። "ጠዋት ብቻ፣ ከ2ኛ ወደ 3ኛ ሲቀየር፣ በስሱ ስረግጥ" የሚል መረጃ ፍለጋውን በብዙ ያሳጥራል።

የካምቢዮ ዘይት መጠኑን በትክክል የምለካው እንዴት ነው?

በመጀመሪያ መለኪያ ዘንግ እንዳለው ይመልከቱ። ካለው መኪናውን ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ነድተው ደልዳላ ቦታ ላይ ያቁሙ። እግርዎን ፍሬን ላይ እንዳደረጉ ማርሹን ከፒ (ማቆሚያ) ጀምሮ በሁሉም ቦታ ያሳልፉ፤ እያንዳንዱ ላይ ሁለት ሦስት ሰከንድ ያቆዩትና ወደ ፒ ይመልሱት። ከዚያ ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ ዘንጉን ያውጡ፣ ክር በማይለቅ ጨርቅ ጠርገው መልሰው ያስገቡ፣ እንደገና አውጥተው "ሙቅ" በሚለው ምልክት ላይ ያንብቡ። ብዙ ሰው የሞተር ዘይት በሚለካበት ልማድ ሞተሩን አጥፍቶ ይለካል። ሞተር ሲጠፋ ዘይቱ ከላይ ወደ ታች ስለሚመለስ መለኪያው ከፍ ብሎ ይታያል፤ የጎደለው ካምቢዮ ሙሉ ይመስላል። ጥቂት ሞዴሎች ሞተር ጠፍቶ እንዲለካ ስለሚያዙ የመኪናውን መመሪያ ማየት ግድ ነው።

አዳዲሶቹ ላይ ዘንግ የለም፤ በምትኩ ኮፓው (ከካምቢዮው ሥር ያለው የዘይት መያዣ) ላይ ወይም በጎን በኩል የመጠን መፈተሻ ብሎን አለ። አሠራሩ የዘይቱን ሙቀት ይፈልጋል፦ በስካነር (የመኪናውን ኮምፒውተር በሚያነብ መሣሪያ) ሙቀቱን እያዩ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ መኪናው አራቱም ጎማው በእኩል ከፍታ ላይ ሆኖ ብሎኑ ይፈታል። የሚፈለገው ሙቀት እንደየሞዴሉ ይለያያል፤ ብዙዎቹ ከ30 እስከ 50 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ውስጥ ናቸው። ዘይቱ በቀጭኑ ጠብ ጠብ ካለ መጠኑ ልክ ነው፤ ምንም ካልወጣ ጎድሏል። ዘይቱ ከሚፈለገው በላይ ሞቆ ከተለካ ስለተለጠጠ ሊቀር የሚገባው ይፈሳል፣ ካምቢዮው ጎድሎ ይቀራል። ቀዝቅዞ ከተለካ ደግሞ ይበዛል።

መብዛቱም እንደ መጉደሉ ይጎዳል። የሚሽከረከሩት ክፍሎች ትርፉን ዘይት ሲመቱት አረፋ ይሆናል፤ አረፋ ግፊት አይይዝም፣ ስለዚህ ካምቢዮው ልክ ዘይት እንደጎደለው ያንሸራትታል። "ለማንኛውም ትንሽ ልጨምርበት" ማለት መፍትሔ አይሆንም።

የዘይቱ ቀለምና ሽታ ምን ይነግረኛል?

ጥርት ያለ ቀይ ጤነኛ ነው። እየጠቆረ መሄዱ ብቻውን አያስደነግጥም፤ ዘይት ሲያረጅ ቡናማ ይሆናል። ቡናማው ከተቃጠለ ሽታ ጋር ሲመጣ ግን የፍሪሲዮን ዲስኮቹ (ማርሽ ሲገባ ተጣብቀው ኃይል የሚያስተላልፉት) እየተንሸራተቱ ግለዋል ማለት ነው። ቀለሙ ፈዛዛ ሮዝ ሆኖ ወተት ከመሰለ የራዲያተር ውሃ ገብቶበታል፤ በብዙ ፒክአፖች የካምቢዮ ዘይት ማቀዝቀዣው ራዲያተሩ ውስጥ ስለሆነ ያ ሲቀደድ ሁለቱ ይቀላቀላሉ። በዚህ ጊዜ መኪናውን ከመንዳት ይቆጠቡ፦ ውሃ የዲስኮቹን ማጣበቂያ ይፈታል። ራዲያተሩን ቀይሮ ዘይቱን ማጠብ ካምቢዮውን የሚያድነው ቶሎ ከተደረሰበት ብቻ ነው።

ከዘንጉ ይልቅ ኮፓው ብዙ ይናገራል። ኮፓው ሲወርድ ውስጡ ያለው ማግኔት ላይ ግራጫ ለስላሳ ጭቃ መሰል ነገር መኖሩ የተለመደ መበላት ነው። በጣት የሚቆረቁር የብረት ስባሪ ከተገኘ ማርሽ ወይም ኩሽኔታ እየተሰበረ ነው። ቢጫ ብናኝ ከነሐስ ቡሽ ይመጣል፣ ማግኔትም አይዘውም። ጥቁር ቅርፊት ከበዛ የዲስኮቹ ልባስ ነው።

ሁሉም የአውቶማቲክ ዘይት ቀይ ነው፤ ማንኛውንም ብጨምርበት ምን ችግር አለው?

ቀይነቱ የተጨመረበት ቀለም ነው፤ ሌላ ነገር አይነግርዎትም። ልዩነቱ በቅጥነቱና ዲስኮቹ ሲያያዙ በሚሰጠው የመንሸራተትና የመያዝ ሚዛን ላይ ነው። የቶዮታ ደብሊው ኤስ ከቀድሞው ቲ-4 ይቀጥናል፤ ፎርድ ለባለ 6 ማርሹ መርኮን ኤልቪ፣ ለባለ 10 ማርሹ ከዚያም የቀጠነውን መርኮን ዩኤልቪ ያዛል፤ ጂኤም ለባለ 6 ማርሹ ዴክስሮን 6 ያዛል፤ የቀድሞዎቹ ዶጅና ራም ኤቲኤፍ+4 ይፈልጋሉ። አንዱን በሌላው ቦታ መጨመር ወዲያው ካምቢዮ አይሰብርም፤ ግን ማርሽ አቀያየሩ ይሻክራል ወይም በቶርክ ኮንቨርተሩ (የሞተሩን ኃይል በዘይት ወደ ካምቢዮው በሚያስተላልፈው ክፍል) ላይ መንቀጥቀጥ ያመጣል፣ ከዚያ በኋላ የሚደረግ ምርመራም ሁሉ ይዛባል። በዘይት መሙያው ክዳን፣ በዘንጉ ወይም በመመሪያው ላይ የተጻፈውን ስም በትክክል ይከተሉ።

ለረጅም ጊዜ ያልተቀየረ ዘይት ቢቀየር ካምቢዮው ይሞታል ይባላል። እውነት ነው?

ወሬው ከአንድ እውነተኛ ገጠመኝ ይነሳል፦ ብዙ ሰው ዘይት የሚቀይረው ካምቢዮው መንሸራተት ከጀመረ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ ዲስኮቹ አልቀዋል፤ አዲስ ዘይት የተበላ ልባስ አይመልስም፤ በሳምንቱ ሲቆም ጥፋቱ በዘይቱ ይላከካል። ካምቢዮው ገና ሳያንሸራትት ዘይቱን መቀየር ግን ይጠቅመዋል።

ለቆየ ካምቢዮ በማሽን ግፊት ከሚደረግ እጥበት ይልቅ አፍስሶ መሙላት ይሻላል፣ ምክንያቱም ግፊቱ የተረጋጋውን ቆሻሻ ቀስቅሶ ወደ ጠባቦቹ ቫልቮች ሊወስደው ይችላል። ኮፓው ይውረድ፣ ፊልትሮው ከነጎሚኒው ይቀየር፣ ማግኔቱ ይጸዳ። የወጣውን ዘይት በሊትር ለክተው ያንኑ ያህል ይመልሱና ከዚያ መጠኑን በደንቡ ያስተካክሉ። አንድ ጊዜ ሲፈስ የሚወጣው ከጠቅላላው ግማሽ እንኳ አይሞላም፤ በጥቅሉ ከ9 እስከ 12 ሊትር የሚይዝ ካምቢዮ ላይ 4 ወይም 5 ሊትር ያህል ነው፤ ቀሪው በአብዛኛው ቶርክ ኮንቨርተሩ ውስጥ ነው። ስለዚህ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከነዱ በኋላ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ይድገሙት። "ዘይቱ ዕድሜ ልክ ነው" የሚለው ጭነት ለሚጭን ወይም ተጎታች ለሚጎትት ፒክአፕ አይሠራም፤ በየ60 እስከ 80 ሺህ ኪሎ ሜትር መቀየር ተገቢ ነው።

ጠዋት ጠዋት ዲ ሳስገባ ለመንቀሳቀስ ይዘገያል። ለምን?

መጀመሪያ መዘግየቱን ይለኩት። ዘይቱ ሞቆ፣ ፍሬን ተረግጦ፣ ማርሹን ከኤን (ፎሌ) ወደ ዲ ሲያስገቡ ካምቢዮው ሲይዝ እስኪሰማዎት ያለውን ጊዜ በሰዓት ይያዙ። የቶዮታ የጥገና መመሪያዎች ለዲ ከ1.2 ሰከንድ በታች፣ ለአር ከ1.5 ሰከንድ በታች ይላሉ። በሙከራዎቹ መካከል አንድ ደቂቃ እረፍት ይስጡ፤ ሦስት ጊዜ ለክተው አማካዩን ይውሰዱ። ሁለቱም ከዘገዩ ችግሩ የጋራ ነው፦ የጎደለ ዘይት፣ የተደፈነ ፊልትሮ፣ የደከመ ፓምፕ። ዲ ብቻ ከዘገየ ወደፊት የሚያስኬደውን ፍሪሲዮን፣ አር ብቻ ከዘገየ የኋላ ማርሹን ፍሪሲዮን ወይም ወደ እሱ የሚሄደውን የዘይት መንገድ ይጠርጥሩ።

ሲሞቅ ጤነኛ ሆኖ ጠዋት ብቻ የሚዘገይ ከሆነ ሁለት ዕድል አለ። አንደኛው፣ መኪናው ሲያድር ዘይት ከቶርክ ኮንቨርተሩ ወደ ኮፓው ይወርዳል። ይህ የሚታየው በመጀመሪያው ማስገባት ላይ ብቻ ነው፤ ሞተሩን አስነስተው ኤን ላይ 20 ሰከንድ ያህል ቢያቆዩት ይጠፋል። ሁለተኛው፣ ፍሪሲዮኖቹን የሚገፉት ፒስተኖች ጎሚኒ ደርቋል፤ ዘይቱ ሞቆ ጎሚኒው እስኪለሰልስ ድረስ መዘግየቱ ደጋግሞ ይመጣል። የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ የሚታለፍ ነው። ሁለተኛው እየባሰ ይሄዳል፣ መጨረሻው መክፈት ነው።

ማርሹ ሲቀየር ወይም መኪናው ሲቆም "ዷ" ብሎ ይመታል። ካምቢዮው ሊሄድ ነው?

ብዙ ጊዜ አይደለም። ፒክአፕ ላይ ምቱ ከካምቢዮው ውጪ የሚመጣበት ቦታ ብዙ ነው። የሞተርና የካምቢዮ ሱፖርቶች ጎማ ሲቀደድ ሞተሩ ይዘላል፦ ኮፈኑ ተከፍቶ፣ ሌላ ሰው ፍሬኑንና የእጅ ፍሬኑን በደንብ ይዞ ከዲ ወደ አር ሲያመላልስ ከጎን ሆነው ይመልከቱ (ከፊት በፍጹም አይቁሙ)። ከዚያ ሞተሩን አጥፍተው፣ ጎማዎቹን አስደግፈው፣ ኃይል ወደ ኋላ ዲፈረንሻል የሚያደርሰውን ረጅም ዘንግ በእጅ ያወዛውዙ፤ ክሮቼራው (የዘንጉ መገጣጠሚያ) ላይ የሚታይ ልቅነት መኖር የለበትም። መኪናው ሊቆም ሲል ወይም ቆሞ ሲነሳ ብቻ ከመታ፣ ዘንጉ እየረዘመና እያጠረ የሚንሸራተትበት ጥርስ ግሪስ ደርቆበት ሊሆን ይችላል። ጸድቶ ግሪስ ሲገባበት የሚጠፋ ድምፅ ሆኖ ሳለ ስንት ካምቢዮ በከንቱ ይወርዳል።

እነዚህ ጤነኛ ከሆኑና ሁሉም ማርሽ በእኩል ከመታ የዘይቱ ግፊት ከልክ በላይ ነው ማለት ነው። ኮምፒውተሩ ግፊቱን የሚወስነው ሞተሩ ላይ ያለውን ጭነት አይቶ ነው። የነዳጅ መስጫ ወይም የአየር መጠን ሴንሰር የተሳሳተ መረጃ ሲሰጠው ግፊቱን ያበዛዋል። በኬብል የሚሠሩት የቆዩ ካምቢዮዎች ላይ ደግሞ ከነዳጅ መስጫው የሚመጣው ኬብል ከመጠን በላይ ተወጥሮ ይገኛል። አንዱ ማርሽ ብቻ ከመታ ሶሌኖይዱ (የዘይቱን መንገድ በኤሌክትሪክ የሚቆጣጠረው) ወይም ቫልቭ ቦዲው (ዘይቱን ወደየፍሪሲዮኑ የሚያከፋፍለው) ውስጥ የተጣበቀ ቫልቭ ነው።

መብራት በርቶ አንድ ማርሽ ላይ ቀረ፤ አጥፍቼ ሳስነሳው ተስተካከለ። ምን ማለት ነው?

ኮምፒውተሩ ያላመነውን ነገር ሲያይ ራሱን ወደ መከላከያ አሠራር ያስገባል፦ የዘይቱን ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ ሶሌኖይዶቹን መቆጣጠር ያቆማል፣ እንደየሞዴሉ አንድ ወደፊት የሚያስኬድ ማርሽና የኋላ ማርሽ ብቻ ይተዋል። ማጥፋትና ማስነሳት ለጊዜው ይመልሰዋል፤ ኮዱ ግን ተመዝግቧል፤ ሳይጠፋ ያንብቡት። ባትሪ ነቅሎ መመለስ ኮዱንም ሆነ ካምቢዮው የተለማመደውን ማስተካከያ ስለሚያጠፋ ከምርመራ በፊት አይመከርም።

ከምንም በፊት የኤሌክትሪኩን መሠረት ይፈትሹ። ሞተሩ ጠፍቶ ባትሪው 12.6 ቮልት አካባቢ፣ ሞተሩ ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.7 ቮልት ሊኖር ይገባል። የባትሪውን ጫፎች፣ ከሞተርና ከካምቢዮ ወደ ሻሲው የሚሄደውን የማሳ (ኔጌቲቭ) ገመድ፣ ከዚያ የካምቢዮውን ሶኬት ይዩ፤ ሶኬቱ ውስጥ ዘይት ወይም አረንጓዴ ዝገት ካለ ፍለጋው ግማሽ አልቋል። የሴንሰር መረጃ ለቅጽበት መቋረጥ ቀላል ነገር አይደለም፦ ፎርድ ባለ 6 ማርሽ ኤፍ-150 ፒክአፖችን (እ.ኤ.አ. 2011 እስከ 2013 ሞዴሎች) ለጥገና የጠራው፣ የካምቢዮው መውጫ ፍጥነት መረጃ ሲቋረጥ መኪናው እየሄደ በድንገት ወደ 1ኛ ማርሽ ሊወርድ ስለሚችል ነበር።

ስካነሩ ኮድ አወጣ፤ ኮዱ የጠራውን ዕቃ ልቀይር?

ገና። ኮድ የሚነግርዎ ኮምፒውተሩ ያየውን ነገር ነው፤ የተሰበረውን ዕቃ ላይነግርዎ ይችላል። ፒ0700 ብቻውን "የካምቢዮ ኮምፒውተር ውስጥ ኮድ አለ" ከማለት አያልፍም፤ ርካሽ ስካነሮች እዚህ ላይ ይቆማሉ፣ የካምቢዮውን ሞጁል የሚያነብ ያስፈልጋል። ፒ0705 የማርሽ ቦታ ሴንሰር ነው። ፒ0715 የመግቢያ ዘንግ ፍጥነት፣ ፒ0720 የመውጫ ዘንግ ፍጥነት ነው። ከፒ0731 እስከ ፒ0735 ያሉት ከ1ኛ እስከ 5ኛ ማርሽ ትክክለኛው የፍጥነት ጥምርታ አልተገኘም ይላሉ፤ ፒ0736 ያንኑ ለኋላ ማርሽ ይላል። ፒ0741 የቶርክ ኮንቨርተሩ መቆለፊያ (ሞተሩንና ካምቢዮውን በቀጥታ የሚያያይዘው) አልያዘም፣ ፒ0750 እና ፒ0755 የማርሽ መቀየሪያ ሶሌኖይዶች፣ ፒ0218 ካምቢዮው ከልክ በላይ ሞቋል።

ፒ0733 ወጣ ማለት 3ኛ ማርሽ ተበላ ማለት አይደለም። ዘይት ቢጎድል፣ ሶሌኖይድ ቢጣበቅ፣ የፍጥነት ሴንሰር ቢዋሽ ያው ኮድ ይወጣል። ከኮዱ ጋር የተቀመጠውን ቅጽበታዊ መረጃ (ሙቀት፣ ፍጥነት፣ ማርሽ፣ ቮልት) ማንበብ ከኮዱ የበለጠ ይጠቅማል። ፒ0562 አብሮ ካለ ቮልቱ ወርዶ ነበርና ሌሎቹን ኮዶች አጥፍተው፣ ቻርጁን አስተካክለው እንደገና ይንዱ።

ከ60 እስከ 80 ኪሎ ሜትር በሰዓት ላይ ሻካራ መንገድ ላይ የምሄድ ያህል ይንቀጠቀጣል። ሞተሩ ነው ካምቢዮው?

በስሱ ነዳጅ ሰጥተው ሲሄዱ ለጥቂት ሰከንድ የሚመጣ መንቀጥቀጥ አብዛኛውን ጊዜ የቶርክ ኮንቨርተሩ መቆለፊያ ነው። ለማረጋገጥ፣ እየተንቀጠቀጠ ሳለ ነዳጁን ሳይለቁ ፍሬኑን በግራ እግርዎ የፍሬን መብራት እስኪበራ ያህል ብቻ ይንኩት። ፍሬን ሲነካ ኮምፒውተሩ መቆለፊያውን ይለቃል፤ መንቀጥቀጡ በዚያው ቅጽበት ከጠፋ መቆለፊያው ነው። ካልጠፋ ሞተሩ እየሳተ ሊሆን ይችላል፤ ካንዴላና ኮይል ይፈተሹ። ሙከራው ነፃ መንገድ ላይ ይሁን፤ ከኋላ መኪና አይኑር።

መፍትሔው ከዘይት ይጀምራል፣ ምክንያቱም ያረጀ ወይም የተሳሳተ ዘይት ይህን ችግር ብቻውን ያመጣል። በትክክለኛው ዘይት ሁለት ሦስት ጊዜ አፍስሶ መሙላት ብዙውን ይፈታል። ካልፈታው የመቆለፊያው ሶሌኖይድ፣ በመጨረሻም ኮንቨርተሩ ራሱ ይከተላል።

እያንሸራተተ መሆኑን በስሜት ሳይሆን በቁጥር ማረጋገጥ እችላለሁ?

ይችላሉ፤ እንዲያውም ካምቢዮ ከመውረዱ በፊት መደረግ ካለባቸው ሥራዎች ይህን የሚበልጥ የለም። ስካነሩ ላይ ሦስት ቁጥር ጎን ለጎን ይክፈቱ፦ የሞተር ዙር፣ የመግቢያ ዘንግ ዙር፣ የመውጫ ዘንግ ዙር። የማርሹን ጥምርታ (መውጫ ዘንጉ አንዴ ሲዞር መግቢያው ስንት ጊዜ እንደሚዞር) ከመመሪያው ያውጡ። ለምሳሌ 4ኛ ማርሽ ጥምርታው 1.14 ሆኖ የመውጫ ዘንጉ 2000 ዙር ላይ ካለ፣ የመግቢያው 2000 × 1.14 = 2280 መሆን አለበት። 2600 ካነበቡ የ4ኛ ማርሽ ፍሪሲዮን በ320 ዙር እየተንሸራተተ ነው።

መግቢያው 2280 ላይ ትክክል ሆኖ የሞተሩ ዙር ከፍ ካለ ግን ማርሹ ጤነኛ ነው፤ ልዩነቱ ያለው ቶርክ ኮንቨርተሩ ላይ ነው። መቆለፊያው ሙሉ በሙሉ ሲይዝ ሞተሩና መግቢያ ዘንጉ እኩል ይሆናሉ፤ ልዩነቱ ጥቂት አሥር ዙር ካለፈና ካልረጋ መቆለፊያው ይንሸራተታል። በየማርሹ እንዲህ ይፈትሹና የሚንሸራተቱትን ይጻፉ። ከዚያ የትኛው ፍሪሲዮን በየትኞቹ ማርሾች ላይ እንደሚሠራ የሚያሳየውን ሰንጠረዥ ከመመሪያው ያመሳክሩ፤ የሚንሸራተቱት ማርሾች ሁሉ የሚጋሩት ፍሪሲዮን ጥፋተኛው ነው።

ሲቀዘቅዝ ጤነኛ ነው፤ ጭኖ ዳገት ሲወጣ ወይም ሲጎትት ግን ይንሸራተታል።

ሙቀቱን ይከታተሉ። ጤነኛ ካምቢዮ አብዛኛውን ጊዜ ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ይሠራል፤ 120 ዲግሪን ካለፈ ዘይቱ ቶሎ ይበላሻል፣ ጎሚኒዎቹም መድረቅ ይጀምራሉ። ከራዲያተሩ ፊት ያለው ማቀዝቀዣ በአቧራና በጭቃ ተደፍኖ እንደሆነ፣ ቱቦዎቹ ተጣጥፈው እንደሆነ ይዩ። ሲጎትቱ የጭነት አሠራሩን ቁልፍ ይጫኑ ወይም ኦቨርድራይቩን (ከፍተኛውን ማርሽ) ይዝጉ፤ ማርሹ ወደ ላይና ወደ ታች እየተመላለሰ ሙቀት ከሚያመርት አንድ ማርሽ ታች ሆኖ ቢወጣ ይሻላል።

ሙቀቱ ልክ ሆኖ ሳለ ሲሞቅ ብቻ ካንሸራተተ የመበላት ምልክት ነው። የሞቀ ዘይት ስለሚቀጥን በተበሉ ቡሾችና የቫልቭ ቀዳዳዎች በኩል ያመልጣል፣ ግፊቱም ይወርዳል። በመመሪያው መሠረት የግፊት መለኪያ ሰክተው በሞቀና በቀዘቀዘ ዘይት ያወዳድሩት።

ማርሹ ከፒ አልወጣ ቢልስ?

ይህ ብዙ ጊዜ ከካምቢዮው ውስጥ አይመጣም። የፍሬን መብራቱ ይበራል? ካልበራ የፍሬን ፔዳል ስዊች ወይም ፊውዝ ነው። ከበራ ማርሽ መቆለፊያው ሶሌኖይድ ነው። አብዛኞቹ ላይ ከማርሽ መያዣው አጠገብ ያለች ትንሽ ክዳን ሥር መልቀቂያ አለ።

ትልልቅ ጎማ ካስገባሁ ወይም 4 በ4 ከተጠቀምኩ በኋላ ማርሹ ተበላሸ።

የጎማው ዲያሜትር በ10 በመቶ ሲያድግ ኮምፒውተሩ የሚያየው ፍጥነት ከእውነተኛው በ9 በመቶ ያህል ያንሳል። ማርሽ በእውነተኛ ፍጥነት ሲለካ ዘግይቶ ይቀየራል፣ ሞተሩም ጎማውን ለማዞር ስለሚከብደው ማርሹ ይመላለሳል። የጎማው መጠን በስካነር ይስተካከል። ደረቅ አስፋልት ላይ በ4ኤች (አራቱም ጎማ በሚነዳበት አሠራር) ሲታጠፉ መኪናው ተይዞ የሚንገጫገጨው ደግሞ የፊትና የኋላ አክስሎቹ ተቆላልፈው እኩል ለመዞር ስለሚገደዱ ነው፤ ካምቢዮው ጤነኛ ነው።

ሶሌኖይድ ነው፣ ቫልቭ ቦዲ ነው ወይስ ፍሪሲዮን? ሳላወርደው መለየት ይቻላል?

በአብዛኛው ይቻላል። ሶሌኖይዱን በኦም ይለኩ፤ በቶዮታ ካምቢዮዎች አብሪ-አጥፊዎቹ (ከመክፈትና ከመዝጋት ሌላ የማይሠሩት) በ20 ዲግሪ ከ11 እስከ 15 ኦም፣ ግፊት የሚመጥኑት ከ5.0 እስከ 5.6 ኦም ናቸው። ሲቀዘቅዝ ልክ ሆኖ ሲሞቅ የሚቋረጥ ስላለ በሁለቱም ሁኔታ ይለኩ። 12 ቮልት በቀጥታ ሰጥቶ "ጠቅ" ማስባል ለአብሪ-አጥፊዎቹ ብቻ ነው፤ ግፊት መጣኙን በቀጥታ ባትሪ ላይ ማገናኘት ያቃጥለዋል። ኤሌክትሪኩ ልክ ሆኖ ማርሹ አሁንም ካልመጣ ቫልቭ ቦዲው ይውረድ፤ ይህ ካምቢዮው መኪናው ላይ እንዳለ የሚሠራ ነው። ቫልቮቹ በራሳቸው ክብደት መንሸራተት አለባቸው።

ቫልቭ ቦዲው በወረደበት ወደ እያንዳንዱ ፍሪሲዮን በሚወስደው ቀዳዳ ደረቅ አየር ከ2 እስከ 3 ባር ግፊት ይስጡ። "ዱም" ብሎ ከያዘ ፒስተኑ ይሠራል፤ "ፍስ" እያለ ካፈሰሰ ጎሚኒው አልቋል። ካምቢዮውን ማውረድ ተገቢ የሚሆነው እዚህ ሲደርሱ ነው፦ ኮፓው ላይ ቅርፊት ካለ፣ የጥምርታ ስሌቱ መንሸራተት ካሳየ፣ አየሩም ካፈሰሰ።

ተፈቶ ተጠግኖ ሳለ በጥቂት ወራት ያው ችግር ተመለሰ። ምን ተረስቶ ይሆን?

አብዛኛውን ጊዜ ማቀዝቀዣው። አሮጌው ካምቢዮ የፈጨው ብረትና ልባስ ማቀዝቀዣውና ቱቦዎቹ ውስጥ ይቀራል፤ አዲሱ ካምቢዮ ሲሠራ ያ ሁሉ ወደ ውስጡ ይመለሳል። የብረት ስባሪ የነበረበት ካምቢዮ ሲጠገን ማቀዝቀዣው በሁለቱም አቅጣጫ ይታጠብ፣ ከተጠራጠሩ ይቀየር። ቶርክ ኮንቨርተሩም ያንኑ ቆሻሻ ይዟል፣ ተከፍቶ ስለማይታጠብ በታደሰ ይተካ። ሲገጠም ሦስቱንም ደረጃ አልፎ እስከ መጨረሻው መግባቱ በመለኪያ ይረጋገጥ፤ ሳይገባ በብሎን ከተሳበ ገና ሞተሩ ሲነሳ ፓምፑን ይሰብራል።

ቀሪው የኮምፒውተሩ ትዝታ ነው። ካምቢዮው ያረጁትን ፍሪሲዮኖች ለማካካስ የተለማመደው ግፊትና ጊዜ ለአዲሶቹ አይሆንም፤ በስካነር ተደምስሶ፣ ዘይቱ ሞቆ፣ አምራቹ ባዘዘው መንገድ እንደገና እንዲለማመድ ይነዳ። ይህ ሳይደረግ ቀርቶ የሚመታ ካምቢዮ እንደገና ከመፈታቱ በፊት መጀመሪያ ይህ ይሠራለት።